የሚሊሰንት ልጆች

እጄ እስከ ክርኔ በሱፍ ቅባት እንደተለቀለቀ ግቢውን አቋርጬ ሮጥኩ። ከኋላዬ የማጠቢያው አለቃ ስሜን ጠርታ የጀመርኩትን በርሜል ማን እንዲጨርስልኝ እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። የመመገቢያው አዳራሽ በር ላይ ዝርዝር ተለጥፏል ተብዬ ነበር፤ እኛ ፍርደኞች በምንሠራበት በሴቶቹ ፋብሪካ ደግሞ በወሩ የመጨረሻ ሐሙስ በር ላይ የሚለጠፍ ዝርዝር አንድ ብቻ ነው። ጋሪው የሚወስዳቸው ልጆች ዝርዝር።

በሩ ላይ አራት አምስት ሴቶች ቆመው ወረቀቱን እንደ ሰው ፊት ያዩታል፤ ማንበብ የሚችል ግን ከመካከላቸው አልነበረም። እኔን ሲያዩ መንገድ ለቀቁልኝ። ፊደል መቁጠር ከጀመርኩ ገና ስድስት ወሬ ነው። እሁድ እሁድ ከጸሎት በኋላ የቄሱ ባለቤት ታስተምረናለች፤ እዚያ እኔ ትልቅ ሴት ከሕፃን መጽሐፍ ላይ «ድመት»፣ «ጀልባ» እያልኩ ነው የመጣሁት። ጣቴን ወረቀቱ ላይ አሳርፌ ከላይ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ስም የማላውቀው ልጅ ነው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። አምስተኛው ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ዊኒፍሬድ ሄጋርቲ። የልጄን ስም ሌላ ሰው ጽፎት ሳነብ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ከስሟ ጎን «ሦስት ዓመት ሞላት» ይላል።

አልሞላትም።

በፋብሪካው ሕግ የፍርደኛ ሴት ልጅ ከእናቱ ጋር የሚቆየው ሦስት ዓመት እስኪሞላው ነው። ከዚያ ወዲያ በወንዙ ታች ወዳለው ማሳደጊያ ይሄዳል። እናትየው እዚህ ሱፍ ትፈትላለች፣ ልጅቷ እዚያ ስፌት ትማራለች። ማሳደጊያው የገባች ሴት ልጅ የምትወጣው በአሥራ ሦስት ዓመቷ ለሰው ቤት ስትቀጠር ነው። ገበሬ አግብታ የራሷ ጎጆና ሁለት ላሞች ያሏት አንዲት ሴት አውቃለሁ፤ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ አስገብታ ዛሬም ልጇን የምታያት በፋሲካ ቀን፣ በአጥር በኩል ነው።

እኔ ደግሞ የቀረኝ እስከ እሁድ ብቻ ነበር።

ሊያገባኝ የነበረው ሰው አምብሮዝ ታሮው ይባላል። እንጨት ሰንጣቂ ነው፤ ፍርዱን ጨርሶ ነፃ ከወጣ ሁለት ዓመቱ። እንደ ወጉ ሰኞ ጠዋት መጣ። ሚስት የሚፈልግ ወንድ የሚመጣው ሰኞ ነው፤ አንደኛ ተርታ ያለን፣ ጠባያችን የተመሰከረልን ሴቶች ንጹሕ ቆብ አድርገን ግድግዳው ሥር እንሰለፋለን፣ እሱ ባርኔጣውን ይዞ ከዳር እስከ ዳር ያልፋል። ሌሎቹ ወንዶች ጥርስ ያያሉ፣ ክንድ ያያሉ። አምብሮዝ መሬት መሬቱን እያየ መጥቶ እኔ ጋ ሲደርስ ቆመና የእንጨት ጭስ ይጎዳኝ እንደሆን ጠየቀኝ። ጎጆዬ ጭስ መውጫ የላትም አለ። ልጅ አለኝ አልኩት። ጥቂት አሰበና «ልጅ ጭስ ይለምዳል» አለ። የተነጋገርነው ይኸው ነው። የገዢው ፈቃድ መጣ። የጋብቻችን ጥሪ፣ የሚቃወም ካለ ይናገር የሚለው፣ በቤተ ክርስቲያን ሁለት እሁድ ተነበበ፤ ሦስተኛው በሚመጣው እሁድ ይነበብና በዚያው ሰዓት እንጋባለን። ያገባች ሴት ልጇን ይዛ ትወጣለች። ጋሪው ግን የሚመጣው በዚያው ሐሙስ፣ እኩለ ቀን ላይ ነው።

እንግዲህ ኃጢአቴን ልናገር።

ዊኒን የወለድኩት ባሕር ላይ ነው። ሚሊሰንት በምትባለው መርከብ፣ በግንቦት ወር፣ ውሃው የታችኛውን ወለል አልፎ አልጋችን ድረስ በገባበት ሳምንት። ሲድኒ ስንደርስ ሐምሌ ነበር፤ ልጄ የሁለት ወር ጨቅላ ናት፣ የኔ ጡት ደግሞ ደርቋል። መውረጃው ላይ አንድ ጸሐፊ ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጦ ስም፣ ፍርድ፣ ሙያ፣ የልጅ ዕድሜ ይጠይቃል። ከፊቴ የቆመችው ማርጀሪ ክዊል ናት። ማርጀሪ ልጇን ኪቲን የወለደቻት ገና ሳንነሳ፣ ኮርክ እስር ቤት ነው፤ ስድስት ወር አለች፣ እውነቷንም ነበር። ጸሐፊው ቀና ሳይል ጻፈ። ከጎኑ ያለው ወታደር ግማሽ ጣሳ ወተትና የሱፍ ብርድ ልብስ ሰጣት፤ ወተቱ በየቀኑ ይሰጥሻል ተባለች። ስድስት ወር የሞላው ልጅ የራሱ ቀለብ አለው። ከዚያ በታች ያለ የእናቱን ጡት ይጥባ ነው ሕጉ።

ጸሐፊው የልጅሽ ዕድሜ ስንት ነው አለኝ። ስድስት ወር አልኩት።

ከኋላዬ ያለችውም ስድስት ወር አለች። ከሷ ኋላ ያለችውም። አንዷ የታቀፈችው የስምንት ቀን ልጅ ነው፣ እትብቱ ገና ያልደረቀ፤ ስድስት ወር። ሌላዋ ደግሞ የጸሐፊውን ጠረጴዛ ይዞ በእግሩ የሚቆም ትልቅ ልጅ ነበራት፤ የሚያሰጠው ቃል ይኸ ከሆነ ብላ ነው መሰለኝ እሷም ስድስት ወር አለች። ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም እየነከረ ይጽፋል። አንድም ጊዜ ቀና ብሎ ልጅ አላየም።

ያን ወተት በጨርቅ ጫፍ እያስጠባሁ ነው ዊኒን ያተረፍኳት። ያተረፋት ቃል ሁለት ዓመት ተኩል ጠብቆ ሊወስድብኝ መጣ።

ከሚሊሰንት ልጆች ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ ያሉት አራት ናቸው። የቀሩት ወይ ሞተዋል፣ ወይ ከእናቶቻቸው ጋር ለሥራ በየገበሬው ቤት ተበትነዋል። ዝርዝሩን እስከ ታች አነበብኩት። አራቱም አሉበት። የማርጀሪ ኪቲም።

ማርጀሪን ያገኘኋት ልብስ ማስጫው ላይ ነው። የወታደር አንሶላ ታሰጣለች፤ ኪቲ እግሯ ሥር ቁጭ ብላ በልብስ መቆንጠጫ እንጨት ትጫወታለች። ስለ ዝርዝሩ አስቀድማ ሰምታ ኖሮ ፊቷ ተለዋውጧል። ዳኛው ዛሬ መጥተዋል፣ ሄጄ እነግራቸዋለሁ አልኳት።

«ምን ብለሽ?»

«ስንወርድ ሁለት ወሯ ነበር ብዬ።»

«ከመንግሥት መጋዘን በሐሰት ቀለብ ወሰድኩ ብለሽ ማለት ነው። ጎበዝ። ሦስተኛ ተርታ ያወርዱሻል፣ ድንጋይ ትፈልጫለሽ፣ የገዢውን ፈቃድ ይቀድዱታል። ያ ጭሳም ሰውዬሽ በሚመጣው ሰኞ መጥቶ ሌላዋን ይመርጣል። ልጅሽም መሄዷ አይቀርም።»

ያላሰብኩትን አልነገረችኝም። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ሳስብ የማድር ሴት ነኝ፤ ዊኒ ብታስነጥስ እንኳ ግንባሯን ሦስት ጊዜ ካልዳሰስኩ አልተኛም። ስለ ራሴ ብቻ ነው የምናገረው አልኳት።

«ስለ ራስሽ ብቻ? አንቺ ሱፍ ፈታይ አይደለሽም እንዴ? አንዱ ክር ሲመዘዝ ምን እንደሚከተል አታውቂም?»

እዚህ አገር ሰውና ሰው ሲተዋወቅ በመጀመሪያ የሚጠያየቀው በየትኛው መርከብ መጣህ ነው። አብረውሽ የመጡ የእናትሽ ልጆች ማለት ናቸው። ሌባ ትሁን፣ ትጣዪ፣ ቆብሽን ትስረቅ፣ የመርከብሽን ሴት ለአለቃ አሳልፈሽ አትሰጪም። ማርጀሪ አንሶላውን ገመዱ ላይ ጥላ ወደ ኪቲ አጎነበሰችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለነዚያ ለሌሎቹ ሁለት እናቶች ይጠቅማቸው ይሆናል አለች፤ የነሱም በመዝገቡ ላይ ያረጁት በውሸት ነው። ለኔ ግን ምን ይጠቅመኛል አለች።

«የኔዋ ሦስት ዓመቷ ነው። እኔ ብቻ ነኝ በዚያ ሰልፍ ውስጥ እውነት የተናገርኩ።»

ከኪቲ እጅ የወደቀውን እንጨት አንስቼ ሰጠኋት።

መጀመሪያ ወደ ሕፃናቱ ክፍል ሄድኩ። ዊኒ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የበቆሎ ገንፎ የደረቀበትን የቆርቆሮ ሳህን በጥፍሯ ትፍቃለች። ግንባሯን ዳሰስኩ። ትኩሳት የላትም። ትኩሳት ቢኖራት ጋሪው ላይ አያወጧትም ነበር ብዬ ስመኝ ራሴን ያዝኩትና አፈርኩ። ቆቧን አሰርኩላትና ወጣሁ።

የፋብሪካውን አስተዳዳሪ ሁላችንም እሜቴ ነው የምንላቸው። ቁልፎቻቸውን ወገባቸው ላይ አንጠልጥለው ከቢሮው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ዳኛውን ማየት እፈልጋለሁ አልኩ። ጉዳዩን ሳልሰማ አላስገባሽም አሉ። ነገርኳቸው። እሜቴ ያኔ ገና እዚህ አልነበሩም፤ የመጡት ካቻምና ነው። ሲሰሙኝ ቁልፎቹን በእጃቸው ጨብጠው ድምፅ እንዳያሰሙ አደረጉ።

«ይህን ለኔ አልነገርሽኝም» አሉ። «እኔ ከሰማሁ ወደ ሦስተኛ ተርታ የማወርድሽ እኔ ነኝ። ለሳቸው ንገሪ።»

ከዚያ ቆቤን በገዛ እጃቸው አቃኑልኝና በሩን ከፈቱ።

ዳኛው ሚስተር ፔንሃሎ ኮታቸውን አውልቀው በሸሚዝ ተቀምጠዋል። የጥር ሙቀት ቢሮውን እንደ ዳቦ መጋገሪያ አድርጎታል፤ ከመስኮቱ ውጭ ባሕር ዛፎቹ ላይ ነፍሳቱ ጆሮ እስኪበሱ ይጮኻሉ። ከፊታቸው የተበላ የበግ ሥጋ ሳህን አለ። ከጎናቸው በትንሹ ጠረጴዛ ላይ አንድ ራሰ በራ ጸሐፊ ላባውን በቢላ ይቀርጻል። አየሁትና አወቅኩት። ሲተን ነው፤ ያ መውረጃው ላይ የጻፈው። እሱ አላወቀኝም። ከየት ያውቀኛል፣ ያኔስ መች አይቶኝ።

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ተደበላለቀብኝ። ከባሕሩ ጀመርኩ፣ ከአልጋው፣ ከውሃው። ሚስተር ፔንሃሎ እጃቸውን አነሱ።

«አሳጥሪው።»

«ልጄ ሦስት ዓመት አልሞላትም ጌታዬ። ስንወርድ ስድስት ወሯ ነው ያልኩት ዋሽቼ ነው። ሁለት ወሯ ነበር።»

«ለምን ዋሸሽ?»

«ወተት ይሰጡ ነበር።»

ሲተን ላባውን ሳያስቀምጥ ሳቀ። «ጋሪው በመጣ ቁጥር እዚህ ቤት ያለ ልጅ ሁሉ ዕድሜው ይቀንሳል ጌታዬ» አለ። ሚስተር ፔንሃሎ ማስረጃ አለሽ ወይ አሉኝ። የመርከቡ ሐኪም ልጅ ሲወለድ በመጽሐፉ ላይ ይጽፍ ነበር አልኩ፤ ያኔ ማንበብ አልችልም፣ ሲጽፍ ግን አይቻለሁ። መጽሐፉ የት ነው ብለው ሲተንን ጠየቁት። ሲድኒ ነው አለ። እንግዲያውስ ይህች ሴት ስትወርድ የተናገረችውን እንይ አሉ፤ የሚሊሰንትን መዝገብ አምጣ።

ያኔ ነው ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ የተመኘሁት። የኔን መስመር ሲፈልጉ የሌሎቹን ሳያዩ አያልፉም፤ የማርጀሪ ክር ተመዘዘ ማለት ነው። ሲተን ትልቁን መዝገብ ከመደርደሪያው አውርዶ አቧራውን በክንዱ ጠረገና ከሥጋው ሳህን ጎን ዘረጋው። የሚስተር ፔንሃሎ ጣት ገጹ ላይ ወረደ። ሄጋርቲ አሉና ቆሙ። ከዚያ ጣታቸው ወደ ላይ ተመለሰ። እንደገና ወረደ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ይቆጥራሉ። ሳህኑ ላይ አንድ ዝንብ ነበረ፤ ያን ዝንብ ዛሬም ብታሳዩኝ አውቀዋለሁ፣ ያን ያህል አፍጥጬበታለሁ።

«ሲተን» አሉ።

«ጌታዬ።»

«በዚያ ዓመት ጥር አሥራ አራት ቀን ሚሊሰንት የት ነበረች?»

«ኮርክ ወደብ ጌታዬ። ገና አልተነሳችም።»

«አሥራ አንድ ሴቶች በአንድ ቀን ወለዱ ይላል።»

ሲተን ተነስቶ መጣና በትከሻቸው በኩል አየ። ከሐምሌ አሥራ አራት ስድስት ወር ወደ ኋላ ሲቆጠር ጥር አሥራ አራት ነው፤ ሁላችንም ስድስት ወር አልን፣ እሱም ለሁላችንም ቆጥሮ ጻፈ። አሥራ አንድ መስመር፣ አንድ ቀን።

«አሥራ አንድ» አሉ ሚስተር ፔንሃሎ። «አዋላጇ ምን በልታ ቻለችው?»

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። እንዲህ እንድትዪ ማን አስተማረሽ አሉኝ። ማንም ጌታዬ፣ ወተት ሲሰጥ አየሁ አልኩ። ሌሎቹስ ዋሽተዋል ወይ አሉኝ። ይህን ጥያቄ ከማርጀሪ ጋር ከተለያየን ጀምሮ ስፈራው ነበር።

«የራሴን ብቻ ነው የማውቀው ጌታዬ።»

ውሸቴን ለመናዘዝ በገባሁበት ክፍል ውስጥ ቆሜ ዳግመኛ ዋሸሁ። ሚስተር ፔንሃሎም ያወቁብኝ ይመስለኛል፤ ረዘም አድርገው አዩኝ። ሲተን ግን ድምፁን አገኘ። ነገሩ ግልጽ ነው ጌታዬ አለ፣ ተማክረው የመንግሥትን ቀለብ በልተዋል፤ ከአሥራ አንዱ በሕይወት ያሉት ሁሉ ከያሉበት ተለቅመው ሦስተኛ ተርታ ይውረዱ፣ ልጆቹም ዛሬውኑ ይሂዱ። ከየገበሬው ቤት፣ ከየባሎቻቸው ጎጆ እየተጎተቱ የሚመጡት የመርከቤ ሴቶች ታዩኝ፤ ይህን ያደረገችው ጁዲት ሄጋርቲ ናት ሲባል ሰማሁ።

ሚስተር ፔንሃሎ የገጹን ግርጌ ያያሉ። እዚያ አንድ ፊርማ ነበረ። ከቆምኩበት ሆኜ የሚታየኝ ተገልብጦ ነው፤ ቢሆንም የመጀመሪያዋን ፊደል ለየኋት፣ በሩ ላይ በተጻፈው ስማቸው መጀመሪያ ያለችው ናት። ለካ ይህን ገጽ አይተው ያጸደቁት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

«የዚህ መዝገብ ግልባጭ የት ሄደ?» አሉ።

«እንደ ደንቡ ለንደን ነው የተላከው ጌታዬ» አለ ሲተን፣ ድምፁ አሁን ዝቅ ብሏል።

«እንግዲህ ሲተን፣ ወይ አንተ ቀን ስትቆጥር ተሳስተሃል፣ ወይ እኔ አሥራ አንድ ሴቶች በአንድ ቀን ወለዱ ስባል አምኜ ፈርሜ ለንደን ልኬያለሁ። የትኛው ነው?»

ሲተን ራሰ በራውን በመሐረብ ጠረገ።

«ተሳስቼ ይሆናል ጌታዬ።»

«ይሆናል?»

«ተሳስቻለሁ።»

ሚስተር ፔንሃሎ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው መጀመሪያ ሥጋውን ከፊታቸው አነሱ፣ ቀጥለው ወረቀት ሳቡ። እየጻፉ ጮክ ብለው አነበቡት፤ በጸሐፊ ስህተት ምክንያት በሚሊሰንት የመጡ ልጆች ዕድሜ አልታወቀም፤ የሐኪሙ መጽሐፍ ከሲድኒ መጥቶ እስኪስተካከል ድረስ ከእናቶቻቸው ጋር ይቆያሉ፤ ዕድሜው ያልታወቀ ልጅ ጋሪ ላይ አይወጣም። ሲተን አራቱም ወይ ብሎ ጠየቀ። አራቱም አሉ። ፈረሙበት፣ ቀለሙ እንዲደርቅ አሸዋ ነሰነሱበት፣ አሸዋውን እፍ ብለው ወረቀቱን ሰጡኝ። ስለ ወተቱ ማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም።

«ወደፊት ስትወልጂ የተወለደበትን ቀን ተናገሪ» አሉኝ። «ሂጂ።»

አልሄድኩም። እምቢ ብዬ ሳይሆን ወረቀቱን ማንበብ ጀምሬ ነው። ሌላ የምለምን መስሏቸው ቅንድባቸውን ሲያነሱ እሜቴ ገብተው እጅጌዬን ይዘው ጎተቱኝ። ለካ ከበሩ ኋላ ቆመው ሲሰሙ ኖረዋል። ኮሪደሩ ላይ ትእዛዙን ከእጄ ወስደው አነበቡት፣ አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት፤ ከዚያ ሩጪ እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ልጆቹን ለጋሪው ማዘጋጀት ከጀመሩ ቆይተዋል አሉኝ።

የቀትሩ ደወል ሲደወል ግቢው መሃል ነበርኩ። ጋሪው በሩ ላይ ቆሟል፤ በሬዎቹ ጥላ ፍለጋ ግድግዳውን ተጠግተዋል። ማጠቢያው ጋ ልጆቹን አግዳሚ ላይ ደርድረዋቸዋል፤ ወደ ማሳደጊያው የሚሄድ ልጅ ለቅማል ተብሎ ፀጉሩ ሳይቆረጥ አይሄድም። አንዲት አሮጊት ፍርደኛ የበግ መሸለቻ መቀስ ይዛ ከጀርባቸው ቆማለች። ዊኒ ሦስተኛ ናት። አጎንብሳ ጭኗ ላይ የወደቀላትን ፀጉር እየለቀመች ትደረድራለች። የግራው ጎን እስከ ቆዳዋ ተላጭቷል። የቀኙ ገና ጆሮዋን ሸፍኖ ወርዷል።

ብድግ አድርጌ አቀፍኳት። እሜቴ ከኋላዬ ደርሰው የሚሊሰንት ልጆች ይውረዱ ብለው አዘዙ። አሮጊቷ መቀሱን በአየር ላይ እንዳንጠለጠለች የዊኒን ራስ አየች።

«ልጨርሰው?»

«ተይው።»

«እንዲህ አድርገሽ ልትይዣት ነው?»

«ተይው እማማ» አልኳት፣ «እንዲሁ ትሁን።» መቀስ ሁለተኛ እንዲነካት አልፈለግኩም።

ማርጀሪ ኪቲን ታቅፋ አግዳሚው ዳር ቆማለች። ስትሰማ አላመነችም። እሜቴ ወረቀቱን አውጥተው አሳዩዋት፤ ማንበብ ስለማትችል ወደኔ ዞረችና አንብቢልኝ አለች። እዚያው ፀሐይ ላይ ቆሜ፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ቃል በቃል አነበብኩላት። «ከእናቶቻቸው ጋር ይቆያሉ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ሲድኒ ስንት ቀን ነው?» አለች።

«በጀልባ አንድ ቀን።»

«ወረቀትስ?»

«ወረቀትማ በእግሩ ነው የሚመጣው።»

መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ መሃል ላይ ተለወጠባት፣ ፊቷን በኪቲ ቀሚስ ሸፈነች። ሌሎቹ ሁለቱ የመርከባችን ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው እንግዲህ የኔዋ ስንት ዓመቷ ነው፣ ያንቺዋስ እያሉ በጣታቸው ይቆጥራሉ፤ አንደኛዋ ልጄ በአንድ ቀን ጠዋት አምስት ወር አነሰች ብላ ለሚያልፍ ለሚያገድመው ትናገራለች። ማርጀሪ ቀና ስትል ዓይኗ ቀልቷል። ጅል ነሽ አለችኝ፤ እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ አይገኝም፣ ሁለተኛም እንዳትሞክሪው። የሐኪሙ መጽሐፍ የመጣው በሰኔ ነው። እስከዚያ ድረስ ማርጀሪ ከነልጇ ከተራሮቹ ማዶ ለአንድ በግ አርቢ ቤት ተቀጥራ ሄዳ ነበር፤ እዚያ ድረስ ሄዶ ዕድሜ የሚጠይቅ ጋሪ የለም።

ጋሪው ባዶውን አልተመለሰም። በሌላ መርከብ የመጡ ሦስት ልጆች ነበሩበት። ከእናቶቻቸው አንዷ እስከ በሩ ድረስ የጋሪውን ጎን ይዛ ሄደች፣ በሩ ሲዘጋ እጇን አነሳች። እኔ የዊኒን ፊት አንገቴ ሥር ደብቄ፣ ደስታዬን እንደ ተሰረቀ ዳቦ መጐናጸፊያዬ ውስጥ ይዤ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ወደ ክፍላችን ገባሁ። ከዚያ በሩን ዘግቼ ተንበረከክሁ። ልጸልይ ነበር፤ ቃል ጠፋኝና ዝም ብዬ ግንባሯን ዳሰስኩት። ሦስት ጊዜ።

እሁድ ቄሱ ጥሪውን ሦስተኛ ጊዜ አነበቡ። የተቃወመ የለም። አምብሮዝ ታሮው የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ፣ ቅንድቡ ላይ የመጋዝ ብናኝ ሳይወጣለት ከጎኔ ቆሞ መልሱን ሁሉ አጭር አጭር አድርጎ መለሰ። ከቤተ ክርስቲያኑ ስንወጣ እሜቴ ዊኒን ይዘው ደጁ ላይ ይጠብቁናል። አምብሮዝ ልጄን በቅርብ አይቷት አያውቅም። ሊያቅፋት ሲያጎነብስ ቆቧ ተንሸራቶ ወደቀ።

ግራውን አየ። ዞሮ ቀኙን አየ፤ የሚሰነጥቀውን ግንድ ከየት በኩል እንደሚጀምር እንደሚያስብ ሰው። እኔ መናገር ጀመርኩ፤ ዝርዝሩ፣ ወተቱ፣ ጸሐፊው፣ አሮጊቷ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከአፌ ወጣ። ልጅቷ በሽታ የላትም፣ ፀጉሯ ይበቅላል፣ ሁለት ዓመት ከስምንት ወሯ ነው አልኩት።

«መንገዱ ረጅም ነው፣ ስንሄድ ትነግሪኛለሽ» አለ። እንዳጎነበሰ ወደኔ ቀና ብሎ አየ። «አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በየትኛው በኩል ነው የምስማት?»

ዊኒ አሰበችና የተላጨውን በኩል አዞረችለት።